አንድ ክፍል ቤት፣ ሁለት ምክር ቤት

ሀገር መምራት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መርቼ አይቼዋለሁ። «የትኛውን ሀገር?» ብትሉኝ አልቀየማችሁም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር መጠየቅ ደንብ ነው።

ሀገሬ የጫባያ ሪፐብሊክ ትባላለች። ሁለቱን ሐይቆቻችንን፣ ጫሞንና አባያን፣ አጋጭተን ያወጣንላት ስም ነው። ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ ያለችው ቴሌግራም ላይ ነው። የመሠረትናት ተማሪ ሳለን ነው፤ አንድ ከሰዓት ዝናብ ዶርም ውስጥ አግቶን ሳለ፣ ሰው ከምናማ ለምን ሀገር አንመሠርትም ተባባልን። እንዲህ ያለ የማስመሰል ሀገር በዓለም ላይ ሞልቷል አሉ። ምርጫ አለ፣ ፓርቲ አለ፣ ሕግ ይወጣል፤ ከሁሉም የእውነት የሆነው ጠቡ ብቻ ነው። ባንዲራችን ላይ ሙዝ በአፉ የያዘ አዞ አለ። አንዱ ዜጋ አዞ ሙዝ አይበላም ብሎ ተቃወመና በዚያው ፓርቲ መሠረተበት።

ዜጎቻችን አርባ ናቸው። ከአርባ እንዳያልፉ በሕገ መንግሥት ደንግገናል፤ በአርባ ምንጭ ተማሪዎች የተመሠረተች ሀገር አርባ አንድ ዜጋ ይዛ ምን ትባላለች? ከአርባው ሠላሳ ስምንቱ የምክር ቤት አባላት ናቸው። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ስልክ ቁጥር ነው። ሌላው አከራያችን ጋሽ ሹቃሬ ናቸው።

ጋሽ ሹቃሬ ዜጋ የሆኑት በእኔ ስህተት ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለችው ቧንቧ አንድ ናት፤ ተከራዩ ሁሉ በተራ ነው የሚቀዳው፤ ተራ የሚነገርበት የግቢ ግሩፕም አለ። እሳቸው አዲስ ስልክ ገዝተው «እዚያ ውሃው ጋ አስገባኝ» ሲሉኝ፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ በጥድፊያ ሪፐብሊኩ ውስጥ አስገባኋቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጦፈ ክርክር መሀል «ባልዲ ቧንቧ ሥር ትቶ የሄደ ማነው?» ብለው ይጽፋሉ። አባላቱ ትልቅ የሀገር ጉዳይ መሰላቸውና የውሃ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አንድም ቀን ተሰብስቦ አያውቅም፤ እሳቸውም ከግሩፑ ወጥተው አያውቁም። በበዓል በበዓሉ የአበባ ሥዕል ይልኩልናል።

ችግሩ የመጣው ከምክር ቤቱ ነው። አርባ ምንጭን ለማታውቋት፣ ከተማዋ ሁለት ናት፤ ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ። እኛም ከተማችንን አይተን ሁለት ምክር ቤት አቋቋምን፤ የሴቻ ምክር ቤትና የሲቀላ ምክር ቤት። ሕግ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ይወርዳል፣ ታይቶ ተመልሶ ወደ ሴቻ ይወጣል። ሲወርድ ምንም አይልም፤ ሲወጣ ግን ሰባት ሰው እንደ ጫነ ባጃጅ ያቃስታል። አንዲት ዜጋችን ስታገባ «እንኳን ደስ ያለሽ» እንበላት ብለን ረቂቅ አቀረብን። ውሳኔው ሁለቱንም ምክር ቤቶች አልፎ ሲደርሳት ወልዳ ክርስትና አስነስታ ነበር።

የሴቻው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ እኔ ነኝ። የሲቀላው ምክር ቤት ሰብሳቢ በረከት ነው። ሁለታችን የምንኖረው ደግሞ ሴቻ፣ ጋሽ ሹቃሬ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው። በረከት የሶዶ ልጅ ነው፤ ከዶርም ጀምሮ አብረን ነን። አንድ የግል ትምህርት ቤት በትርፍ ሰዓት ሒሳብ ያስተምራል፣ ቋሚ ሥራ ይፈልጋል። እኔ መስኖ ምሕንድስና ተመርቄ ሲቀላ ውስጥ የሰው መታወቂያ ግራና ቀኙን ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። እሱ ያበስላል፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ። እናቱ በየእሑዱ ትደውላለች፤ ስትደውል ወጥቶ ነው የሚያወራት። ከዚህ ሌላ በመሀላችን ምስጢር የለም ብዬ ነበር የማስበው።

እንግዲህ አንድ ቀን ሥራ ቦታ መብራት ጠፋ። ሥራ የፈታ ሰው ሀገር ያሻሽላል። ከኮፒ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት መዝዤ የምክር ቤት ማሻሻያ አረቀቅኩ። አንቀጽ አንድ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ይዋሃዱ። አንቀጽ ሁለት፣ ድምፅ መቁጠር ይቅር፤ እንደ አባቶቻችን ዱቡሻ ሁሉም እስኪስማማ እንነጋገር። አንቀጽ ሦስት፣ በዕድሜ ትልቁ ዜጋ መርቆ ሳይዘጋው ከስብሰባ ማንም አይነሣ።

እኔ የጨንቻ ልጅ ነኝ። ዱቡሻ ማለት እኛ ደጋ ሀገሩ ለነገር የሚሰበሰብበት ለምለም ሜዳ ነው። እዚያ እጅ አይቆጠርም፤ ሰው አንድ ቃል እስኪሆን ይወራል። ትልቅ ነገር ነው፣ ይገባኛል። ግን እኔ ልጅ ሆኜ ከዱቡሻ የማውቀው ኳሳችን ተንከባልላ ሽማግሌዎቹ መሀል ስትገባ «አንተ ሂድና አምጣ፣ አንተ ሂድ» እየተባባልን የምንጨቃጨቀውን ነው። ሕጉን ያረቀቅኩት በዚህ ዕውቀት ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነበር።

ረቂቁን የለጠፍኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በረከት እንቁላል እየጠበሰ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ አነበበ። መጥበሻውን አወረደ፣ እንቁላሉን እኩል ለሁለት ከፈለ፣ ድርሻውን ይዞ አልጋው ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ሰጠኝ። ጥቂት ቆይቶ የእኔ ስልክ ጮኸ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ረቂቁ ከሥልጣን ጥማት የመነጨ ሆኖ አግኝተነዋል።»

በመሀላችን አንድ ክንድ ቢኖር ነው። «ምን ሆንክ አንተ?» አልኩት፣ በአፌ። አልዞረም። ስልኬ እንደገና ጮኸ፤ «ክቡርነትዎ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍላችን ውስጥ የሰው ድምፅ ጠፋ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ጨው አጣና በግሩፑ ጻፈ፤ «አፈ ጉባኤው የጨው ዕቃውን የት እንዳደረሱት ለምክር ቤቱ እንዲያብራሩ ይጠየቃል።» እኔም አላረፍኩ፤ «ጥያቄው ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል» አልኩ። ሙዝ የምታመርተው አባላችን ማርታ ከእርሻዋ ከላንቴ ሆና «አልጋ ሥር እዩት እስቲ» ብላ ጻፈች። እውነትም አልጋ ሥር ነበር። የጓዳችን ጉድ በመላ ሪፐብሊኩ የታወቀው እንዲህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግን በረከት ባዶ ካርቶን አምጥቶ መጽሐፎቹን ሲከት ደረስኩ። ምን እያደረግህ ነው ልለው አፌን ስከፍት ስልኬ ቀደመኝ። «የሲቀላ ምክር ቤት ሰብሳቢ በወሩ መጨረሻ መኖሪያቸውን ወደ ሲቀላ የሚያዛውሩ መሆኑን በአክብሮት ያሳውቃሉ።»

አልዋሽም፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄጄ ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና አጠብኩት። ሀገር አሻሽላለሁ ብዬ ጓደኛዬን ላጣ ነው። ያን ጊዜ ረቂቁን ቀድጄ «ተወው፣ ይቅር» ብለው ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን እልህ የሚባል ነገር አለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ሕጉ ቶሎ ከጸደቀ ጠቡም አብሮ ያበቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሕጉ እንዲጸድቅ ደግሞ በሁለቱም ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ መሙላት አለበት። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ ብሎን ነበር እኮ ሕጉን ያረቀቅኩት! ቆጥሬ ሳየው ከሲቀላው ወገን ሁለት ሰው ጎደለኝ፤ አንዷ ማርታ፣ ሁለተኛው ጫሞ ዳር ዓሣ እየተረከበ ወደ ከተማ የሚልከው ኤርሚያስ። መልእክት ብልክ፣ ብደውል አይሆንም። ራሴው ልሄድ ተነሣሁ።

ላንቴ ስደርስ ማርታ አይሱዙ ላይ ሙዝ ታስጭናለች። እሷም እንደ እኔ ተመርቃ ወደ ቤተሰቧ እርሻ የተመለሰች ናት፤ ልዩነታችን እሷ ሥራ ያላት መሆኑ ነው። ስለ ሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ ለውጥ ማብራራት ጀመርኩ።

«አንተ ድምፅ ፈልገሃል፣ እኔ ጉልበት ፈልጌያለሁ» አለችኝ። «ያንን ዘለላ አንሣ።»

አነሣሁ። ከዚያ ሌላውን አነሣሁ። አይሱዙ ሆዱ እንዲህ ሰፊ መሆኑን የማያውቅ ሰው ደስተኛ ሰው ነው። ነጭ ሸሚዜ የሙዝ ጭማቂ ነካው፤ ያ ነገር ደግሞ አንዴ ከያዘ በሳሙናም በበረኪናም አይለቅም። መኪናው ሲሞላ ማርታ ስልኳን አወጣችና ረቂቁን ሳታነብ ደገፈች።

«በረከትስ ምን አለ?» አለችኝ።

«ተቃወመ።»

«እና እሱ ካልተስማማ ለምን አትተወውም? ምግብ የሚያበስልልህ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ይህ የመርህ ጉዳይ ነው» አልኳት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ለስንብት ብላ አንድ እጅ ሙዝ አሸከመችኝ።

ወደ ጫሞ በፒክአፕ ወረድኩ። ኤርሚያስ «ደግፌያለሁ፣ ምን ችግር አለው» አለኝ፤ ችግሩ እዚያ ዳር ኔትወርክ የለም። የሚገኘው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ለዘረጋ ሰው ነው። ወጣ። እኔ እንዳይወድቅ ቀበቶውን ይዤ ከኋላው ቆምኩ።

«ገባ?» እላለሁ።

«ይዞራል።»

«አሁንስ?»

«ይዞራል እያልኩህ!»

ጀልባዋ ዘመም ስትል አንድ እግሬ ውሃ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ቅጽበት ከወደ ዳር አንዱ «አዞ!» አለ። እንዴት ፒክአፑ ላይ እንደወጣሁ እኔም ሹፌሩም አናውቅም። አዞ የተባለው ግንድ ነበር። ኤርሚያስ እየሳቀ ጫማዬን በአንድ እጁ፣ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በሌላው ይዞ መጣ። «ድምፄ ገብቷል፤ ይኼ ደግሞ ለበረከት ነው፣ እሱ ያውቅበታል» አለኝ።

እንግዲህ ሙዝና ዓሣ ተሸክሜ፣ ሸሚዜ ጠቁሮ፣ አንድ እግሬ ረጥቦ ቤት ስገባ አስቡኝ። በረከት አየኝ፤ ስልኩን አነሣ፤ ፎቶ አነሣኝ። ወዲያው ግሩፑ ላይ ወጣሁ፤ «አፈ ጉባኤው ከመራጮች መማለጃ ሲቀበሉ እጅ ከፍንጅ ተያዙ።» አንድ ደጋፊዬ ሊከላከልልኝ ብሎ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ጻፈ። ካልተከላከለልኝ ይሻል ነበር።

ዓሣው ግን ፖለቲካ አያውቅም። የአርባ ምንጭ ሙቀት ነው፣ ፍሪጅ የለንም፣ እኔ ደግሞ እንቁላል የማሳርር ሰው ነኝ። በረከት ዓሣውን በዓይኑ ጎን አየው። ዞሮ ተቀመጠ። እንደገና አየው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ተነሥቶ ቢላዋውን ይዞ ቁጭ አለ። አጸዳው፣ ጠበሰው፣ ዳጣ አቀረበለት፣ ለሁለት ከፈለው። ቃል ሳንተነፍስ አጥንቱ እስኪቀር በላን። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ጻፈ፤ «ማስረጃው እንዳይበላሽ ተጠብሷል።»

ሕጉ ጸደቀ። የተዋሃደው ምክር ቤት የመጀመሪያ ጉባኤ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በድምፅ እንዲካሄድ ተወሰነ። በረከት የወሩ መጨረሻ ስለደረሰ ካርቶኑን በገመድ አስሮ በር ሥር አስቀምጦታል።

አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ለአዲሱ ምክር ቤት ስም ማውጣት። «የጫባያ ዱቡሻ ይባል» አልኩ። ጥሩ ነው ተባለ፤ ከሁሉም አቅጣጫ ድጋፍ ጎረፈ። መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ መጣ። ይህን ድምፅ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት፤ አንዴ ከስልኬ፣ አንዴ ከፊት ለፊቴ አልጋ ላይ።

«አልስማማም።»

ያን ጊዜ ነው ገደሉን ያየሁት። በድሮው ሕግ በረከት አንድ ድምፅ ነበር። በእኔ ሕግ ግን አንድ ሰው ካልተስማማ ሠላሳ ሰባቱ ቁጭ ነው። ሌላ ስም አቀረብን፤ «አልስማማም።» ሌላ፤ «አልስማማም።» በዚያ ላይ ሁለት ስልክ አንድ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ ማስተጋባቱ ጆሮ ይበሳል። ክፍሉን ለጠላት ላለመልቀቅ ብዙ ታገልኩ፤ በመጨረሻ ወደ ግቢው ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆምኩ።

ሰዓቱ ነጎደ። አንዱ አባል ፀጉር ቤት ሆኖ ነበር የገባው፤ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ፣ አስተካካዩ «ስልክህን ካልዘጋህ አልቀጥልም» ብሎታል። አንዱ ወደ ሳውላ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ማርታ «መኪናዬ ሊነሣ ነው» ትላለች፣ ኤርሚያስ «ዓሣዬ ፀሐይ ላይ ነው» ይላል። ልውጣ ያለ ሰው ሲገኝ የቀሩት በአንድ አፍ «አንቀጽ ሦስት!» ብለው ይጮሁበታል። እኔ የጻፍኩት አንቀጽ ነው። ስድብ ሆኖ ሲመለስልኝ እሰማለሁ።

«በቃ፣ በዕድሜ ትልቁ ዜጋ መርቆ ይዝጋልን፣ ሌላ ቀን እንቀጥላለን» አልኩ። ማነው ትልቁ? ሁሉም ዕድሜውን ተናገረ፤ ሁላችንም እኩያ ነን። ከዚያ ማርታ «ቆይ፣ ያ የባልዲው ሰውዬስ?» አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። ጋሽ ሹቃሬ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው የጣራውን ዲሽ በቁጭት ያያሉ። ዲሹ ከዞረ ሰንብቷል። አቅጣጫውን የሚያውቅበት በረከት ብቻ ነው፤ በረከት ደግሞ ሊሄድ ነው። ኳስ ከተቋረጠባቸው ጀምሮ ፊታቸው አይፈታም።

«ጋሽ ሹቃሬ፣ ላስቸግርዎ፤ ስብሰባ መርቀው ይዝጉልን» አልኳቸው፣ ስልኬን ዘርግቼ።

«የምን ስብሰባ? የውሃው?»

«አይ፣ የ... የሀገር ነው።»

«ማን መርቆ ከፈተው?»

«ማንም።»

ጋሽ ሹቃሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ የጨንቻ ልጅ አይደለህም? ሳይመረቅ የተከፈተ እንዴት ይዘጋል? እሱ ስብሰባ አይደለም፣ ጫጫታ ነው። ከመጀመሪያ ይጀመር።»

ከስልኬ የሠላሳ ምናምን ሰው ዋይታ ወጣ። ከአውቶቡሱ ሰው ጋር ያሉት ተሳፋሪዎችም ሳያዝኑ አልቀሩም።

«ደግሞ በስብሰባ ውስጥ የተጣላ ሰው ካለ አይመረቅም። ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ በእኛ ዘንድ የተከለከለ፣ ቢነኩት መዘዝ የሚያመጣ ነገር ነው። «የተጣላ አለ?»

«አለ!» አለ ስልኩ፣ በአንድ ድምፅ። ከጧት ጀምሮ ስንነጋገር አንድ ቃል የሆንነው ያኔ ነው።

በረከት ተጠርቶ ወጣ። እኔን ሳያይ ቆመ። ጋሽ ሹቃሬ ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ፀሐዩ ግቢውን ሁሉ አድርቆት እርጥብ ሳር ያለው እዚያች ቧንቧ ሥር ብቻ ነው። አንድ ጭብጥ ነጩና መጡ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝ። እኛ ሀገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገር አለቀ፤ ዱላ የያዘም ዱላውን ይጥላል፤ እምቢ ማለት የለም። ጋሽ ሹቃሬ ሳሩን ይዘው ፊታችን ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ቋ ሲል ስልኩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይነሡ!» አልን ሁለታችንም።

«አልነሣም። ምን አጣላችሁ?»

እኔ ሀገር ነው አልኩ። የት ነው አሉ። ስልክ ውስጥ አልኩ። መሬት አለው ወይ አሉ፤ የለውም አልኩ። «ሰውስ?» ስልኩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። «ጋሽ ሹቃሬ፣ ሳሮ!» አሉ ዜጎቹ በጋሞኛ ሰላምታ። «ሳሮ፣ ሳሮ፣ ደህና ናችሁ ወይ?» አሉ፣ ተንበርክከው እንዳሉ። ከዚያ ወደ በረከት ዞሩ።

«እሱ ምን ወሰደብህ?»

በረከት መሬት መሬት አየ። «ሰብሳቢነቴን» አለ።

የሚስቅ ሰው ጠበቅኩ፤ ማንም አልሳቀም።

«እናቴ በየእሑዱ ትደውላለች» አለ በረከት። «ሥራ አገኘህ ወይ ትላለች። ተፈተንኩ፣ አልጠሩኝም። ሌላ ቦታ ተፈተንኩ፣ አልጠሩኝም። አንድ ቀን ምን እንደምላት ጠፋኝና 'ሰብሳቢ ሆኛለሁ' አልኳት። የምን ብላ እንኳን አልጠየቀችም። አለቀሰች፣ ጋሼ። ሶዶ ያልነገረችው ጎረቤት የለም። አሁን ምን ልበላት? ተሻርኩ ልበላት?»

እኔ እዚያው ሳሩን እያየሁ ቆምኩ። አንድ ክንድ ርቀት ላይ እየተኛሁ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ፤ እናቱ ስትደውል ለምን እንደሚወጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እናትህ ደስ አለው?» አሉ ጋሽ ሹቃሬ። ነገር ሲከብድባቸው ወንድና ሴት መለየት ይተዋሉ፤ እኛ ደጋዎች አንዳንዴ እንደዚያ ነን።

«አዎ።»

«በቃ። እናት ደስ ያለው ነገር አይነካም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስብሰባው አንድ ሆነ አላችሁ። አንድ ስብሰባ ስንት ሰብሳቢ ይፈልጋል?»

«አንድ።»

«እሱ ይሁን።»

«እኔስ?» አልኩ፣ ሳላስበው አምልጦኝ።

«አንተ ምንድነህ?»

«አፈ ጉባኤ።»

«እሱ ምን ይሠራል?»

አሰብኩ። «ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚለውን...»

«እሱንማ ሰብሳቢ ይሠራል» አሉ።

ከስልኩ «ተስማምቻለሁ» እያሉ አባላቱ ተራ በተራ ይመጡ ጀመር። ማርታ ተስማማች፤ ኤርሚያስ ተስማማ፤ የአውቶቡሱ፣ ግማሽ ራሱም። ምክር ቤቱም «የጫባያ ዱቡሻ» ተባለ፤ በረከትም አንገቱን ነቀነቀ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም እስኪስማማ ማንም አይነሣም። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «አልስማማም» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ከሙዝና ከዓሣ ሌላ ያልበላሁበት ሥልጣን ነው። ማርታ «ኧረ መኪናው ሄደብኝ!» አለች። ግማሽ ራሱ «ወንድሜ፣ በእናትህ» አለኝ። ጋሽ ሹቃሬ ሳሩን እንደያዙ ከታች ያዩኛል።

«ቢያንስ ምክትል?» አልኩ።

በረከት ቀና ብሎ አየኝ። «እሱን ምክር ቤቱ ያየዋል» አለ። በአፉ ነው ያለው። ፈገግ ብሎ።

«ተስማማሁ» አልኩ።

«አሁን አንሡኝ» አሉ ጋሽ ሹቃሬ። ለካስ አልነሣም ያሉት ከፊሉ መነሣት አቅቷቸው ኖሯል። እኔ በቀኝ፣ በረከት በግራ ብብታቸው ገብተን፣ አንድ ሁለት ሦስት ብለን አቆምናቸው። ሳሩን ለሁለታችን አካፈሉና መረቁ፤ «ሰላም ሁኑ። አትለያዩ። ውሃ አይጥፋ። ባልዲ ማንም አይተው። ዲሹ ይሥራ።» አሜን አለ ሪፐብሊኩ፣ አሜን ባለበት ቅጽበት ግሩፑ ባዶ ሆነ።

«በረከት፣ ዲሹ» አሉ ወዲያው። ኳሱ ሊጀምር ነበር።

በረከት ጣራ ላይ ወጣ፣ እኔ መሰላል ያዝኩ። ዲሹን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞር፣ ጋሽ ሹቃሬ ከውስጥ «መጣ! ሄደ! መጣ!» ሲሉ፣ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እጁ ተይዟልና ስፒከሩን ከፍቶ ጣራው ላይ አስቀመጠው።

«ሰብሳቢዬ!» አለች እናቱ።

«አለሁ፣ እማ። ዛሬ ደግሞ ትልቁን ስብሰባ ሰጡኝ።»

እልልታዋ ጣራውን አልፎ ጎረቤት ደረሰ። ፈጣሪን አመሰገነች፣ ደግማ እልል አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያ አብሮህ የሚኖረው ልጅስ? እስካሁን ምንም አላገኘም? አሳዘነኝ እኮ።»

በረከት ከጣራው ቁልቁል አየኝ። ቤት ውስጥ በር ሥር ካርቶኑ እንደታሰረ ተቀምጧል። ሸሚዜ ላይ የላንቴ ሙዝ እድፍ፣ እጄ ላይ ግማሽ ጭብጥ ሳር፣ አፌን ከፍቼ መልሱን እጠብቃለሁ።

«አግኝቷል እንጂ፣ እማ» አለ። «ከሰብሳቢው ጋር ነው የሚኖረው።»

«ተመስገን!» አለች። እኔም መሰላሉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።